ኤሮስፔስ ኢንጂነሪንግ የት ልማር? ከምርቃቱ ማግስት ተነሱ

የ12ኛ ክፍል ውጤት በወጣ ቁጥር ስልኬ ሥራ ይበዛበታል። የጎረቤት ልጅ፣ የጓደኛዬ እህት፣ አንዳንዴም ጨርሶ የማላውቀው ሰው "ኤሮስፔስ መማር እፈልጋለሁ፣ የትኛው ዩኒቨርሲቲ ይሻለኛል?" ብሎ ይጽፍልኛል። ብዙዎቹ የራንክ ዝርዝር አያይዘው ነው የሚልኩት። ኤምአይቲ፣ ስታንፎርድ፣ ካልቴክ፣ ዴልፍት። እኔ ደግሞ መልሼ የምጠይቀው ሁልጊዜ አንድ ነው። ስትመረቁ ማን ነው ሊቀጥራችሁ የሚፈቀድለት?

ጥያቄው ግር ይላቸዋል። አልፈርድባቸውም፣ እኔም ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። አገር ቤት ሜካኒካል ተምሬ፣ ለማስተርስ አውሮፓ ወጥቼ፣ ከተመረቅሁ በኋላ ሥራ ስፈልግ "ለዜጎች ብቻ" የምትለዋን መስመር ስንት ጊዜ እንዳነበብኳት እግዜር ይወቀው። ያኔ አንድ ታላቅ ወንድም ቁጭ አድርጎ ቢነግረኝ ኖሮ የምለውን ነው እዚህ የምጽፍላችሁ።

መጀመሪያ ስሙን እናጥራ

"የአውሮፕላን ትምህርት" ሲባል ሦስት ሙያ ይቀላቀላል። አንደኛው ማብረር ነው። ሁለተኛው ጥገና ነው፤ ሃንጋር ውስጥ ሞተር ፈትቶ የሚገጥመው፣ ፈርሞ አውሮፕላኑ እንዲነሳ የሚፈቅደው ባለሙያ። ለእነዚህ ለሁለቱ ሩቅ መሄድ የለባችሁም፤ ቦሌ ያለው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ማሠልጠኛ ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች ሳይቀር ሰው የሚመጣበት ቦታ ነው። ሦስተኛው ኢንጂነሩ ነው። ክንፉ ስንት ቶን እንደሚችል የሚያሰላ፣ የሞተሩን ሙቀት የሚተነትን፣ ሳተላይቱ በየትኛው ምሕዋር ላይ ይቀመጥ ብሎ የሚወስን። ይህ ጽሑፍ የሦስተኛው ነው። ሕልማችሁ ኮክፒት ውስጥ መቀመጥ ከሆነ አራት ዓመት ዲፈረንሻል ኢኩዌሽን ሲፈቱ መኖር አያስፈልጋችሁም፣ በቀጥታ ወደ ሕልማችሁ ሂዱ።

ኤሮስፔስ ራሱም ሁለት ቤት አለው። በአየር ውስጥ የሚበረው ኤሮኖቲክስ ነው፣ ከአየር ውጭ ያለው አስትሮኖቲክስ። አንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ በአንድ ዲግሪ ያስተምራቸዋል። አንዳንዱ፣ ለምሳሌ የኢስታንቡል ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ፣ የአውሮፕላኑንና የጠፈሩን ዲፓርትመንት ለይቶ ይሰጣል። አውሮፕላን ነው ወይስ ሳተላይት ነው የሚያስደስታችሁ? ገና ካላወቃችሁ ችግር የለውም፤ እንዲያውም ሁለቱን አቀላቅሎ የሚያስተምረውን ምረጡና እዚያ ሆናችሁ ትለያላችሁ።

የራንክ ዝርዝር ይህን አይነግራችሁም። ካልቴክ በየዝርዝሩ አናት ላይ ይቀመጣል። በመጀመሪያ ዲግሪ ግን ኤሮስፔስን እንደ ዋና ትምህርት አይሰጥም፣ እንደ ማይነር፣ ማለትም ከሌላ ዋና ትምህርት ጋር እንደሚወሰድ ተጨማሪ ትምህርት ብቻ ነው የምትወስዱት። አንድ ጎበዝ ልጅ ይህን ያወቀው የማመልከቻ ጽሑፉን ጨርሶ ሊልክ ሲል ነበር።

የፓስፖርቱ ጉዳይ

ሮኬት ሳተላይት ቢሸከምም ቦምብ ቢሸከምም ሮኬት ነው። ቴክኖሎጂው አንድ ነው። መንግሥታት ይህን መስክ እንደ ጦር መሣሪያ የሚጠብቁት ለዚህ ነው፣ የእኛ ፈተናም የሚጀምረው እዚሁ ላይ ነው።

አሜሪካ ውስጥ አይታር የሚባል ደንብ አለ። የጦር መሣሪያና ተዛማጅ ቴክኖሎጂ ወደ ውጭ እንዳይወጣ ይቆጣጠራል። ሮኬቶች፣ የጦር አውሮፕላኖች፣ የአንዳንድ ሳተላይቶች ቴክኖሎጂም በዚህ ሥር ይወድቃሉ። ደንቡ የሚከለክለው ዕቃውን በመርከብ መላክ ብቻ አይደለም። እዚያው አሜሪካ ውስጥ ለውጭ ዜጋ የዲዛይን ሥዕሉን ማሳየትም እንደ መላክ ይቆጠራል። ስለዚህ የስፔስኤክስን የሥራ ማስታወቂያ ብታነቡ አመልካቹ የአሜሪካ ዜጋ፣ ቋሚ ነዋሪ፣ ወይም ስደተኝነቱ ወይም ጥገኝነቱ የጸደቀለት ሰው መሆን አለበት ይላል። የናሳ ኢንተርንሺፕ ዜግነት ይጠይቃል። በተማሪ ቪዛ የሄደ ልጅ ከተመረቀ በኋላ 12 ወር፣ በሳይንስና ኢንጂነሪንግ ስለሆነ ተጨማሪ 24 ወር፣ በድምሩ ሦስት ዓመት የመሥራት ፈቃድ ያገኛል። ፈቃዱ እጁ ላይ አለ፣ በሩ ግን ብዙ ቦታ ዝግ ነው። የመንገደኛ አውሮፕላን ሥራ ላይ ቁጥጥሩ ላላ ይላል፤ ለእኛ ዓይነት ተማሪ የመንገደኛ አውሮፕላን፣ የጄት ሞተር፣ የጥገና ምህንድስናና የሶፍትዌር ማስመሰያ (ሲሙሌሽን) ሥራዎች ከሮኬት የተሻለ ዕድል አላቸው።

አሁን ዲቪን አስቡ። ግሪን ካርድ የያዘ ሰው በአይታር ዓይን ከዜጋው እኩል ነው የሚታየው። ምሥጢራዊ የመከላከያ ሥራ ሲሆን ዜግነት ይጠየቃል፣ የቀረው ግን ክፍት ነው። ሁለት የአዲስ አበባ ልጆች አንድ ክፍል ተምረው፣ አንዱ በዲቪ ሌላው በተማሪ ቪዛ አሜሪካ ቢገቡ፣ በዚያው ዩኒቨርሲቲ፣ በዚያው ዲፓርትመንት፣ በዚያው ውጤት ቢመረቁ እንኳን ሕይወታቸው የተለያየ ነው የሚሆነው። ለአንዱ የምመክረውን ለሌላው አልመክርም።

ስለዚህ የአሜሪካ የመኖሪያ ወረቀት ላላችሁ፣ በተለይ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ላላችሁ ልጆችና ወላጆች፣ ሩቅ አትመልከቱ። ከሲልቨር ስፕሪንግ ትንሽ ነድታችሁ የምትደርሱበት ኮሌጅ ፓርክ ያለው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ጠንካራ የኤሮስፔስ ዲፓርትመንት አለው። ጠፈር ውስጥ ያለውን ክብደት አልባነት ውኃ ውስጥ የሚያለማምዱበት ትልቅ ገንዳ አላቸው። በግሌን ማርቲን ስም የሚጠራ ትልቅ የነፋስ ዋሻ፣ ማለትም የአውሮፕላን ሞዴል ነፋስ እየተነፋበት የሚፈተሽበት ክፍል፣ አላቸው። የናሳ ጎዳርድ ማዕከል ደግሞ ግሪንቤልት፣ ጎረቤታቸው ነው። የግዛቱ ነዋሪ ሆናችሁ ስትማሩ ክፍያው ከውጭ ከሚመጣው ተማሪ በብዙ ያንሳል። አዲስ ከገባችሁ ነዋሪ ለመባል አንድ ዓመት ገደማ መቆየት ይጠይቃል፤ በዚያ ጊዜ ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ገብቶ ካልኩለስና ፊዚክስ ጨርሶ መዛወር ብዙ የሐበሻ ልጆች የሄዱበት መንገድ ነው። ሲያትል ያላችሁ ደግሞ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ዲፓርትመንት በቦይንግ መሥራች ስም የተጠራ ነው፤ ከፋብሪካዎቹም አጠገብ ናችሁ።

በኢትዮጵያ ፓስፖርት ከአገር ቤት ለምታመለክቱ ግን አሜሪካ ለመጀመሪያ ዲግሪ ጠባብ በር ናት። ኤምአይቲና ፕሪንስተን ለውጭ ተማሪም ቢሆን የገንዘብ አቅሙን ሳያዩ ይቀበላሉ፣ ከተቀበሉም የጎደለውን ይሞላሉ። ውድድሩ ግን ከባድ ነው። ፐርዱ፣ ሚሺጋን፣ ጆርጂያ ቴክ በዚህ ሙያ ስማቸው የገነነ ነው። ኒል አርምስትሮንግ የፐርዱ ምሩቅ ነው፣ ሚሺጋን ደግሞ ኤሮኖቲክስን ማስተማር የጀመረው በ1914 ነው ("ዓ.ም." ያላልኩባቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ነገር ግን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ስለሆኑ ለውጭ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ የሚሰጡት እርዳታ ትንሽ ነው። ወላጆች ቤት ሸጠው የአንድ ዓመት ክፍያ ብቻ ከፍለው ልጁ ሁለተኛው ዓመት ላይ ሲቆም አይቻለሁ። ያ እንዳይደርስባችሁ፣ እባካችሁ፣ የአራቱን ዓመት ሒሳብ ከመጀመሪያው ቀን ቁጭ ብላችሁ ሥሩት።

የትምህርቱን ዝርዝር እንዴት እናንብበው?

የእያንዳንዱ ዲፓርትመንት የኮርስ ዝርዝር ድረ ገጹ ላይ አለ። አውርዳችሁ አንብቡት። ኤሮዳይናሚክስ (የአየር ፍሰት)፣ ፕሮፐልሽን (ሞተርና ግፊት)፣ ስትራክቸር (የአካሉ ጥንካሬ)፣ የበረራ ሜካኒክስና ቁጥጥር፣ የምሕዋር ሜካኒክስ መኖር አለባቸው። አንዱ ከጎደለ ለምን ብላችሁ ጠይቁ። ስሙ ኤሮስፔስ ሆኖ ውስጡ ሜካኒካል፣ ላዩ ላይ ብቻ ሁለት የምርጫ ኮርስ የተለጠፈበት ፕሮግራም አለ።

እኔ በተለይ የምፈልገው ሌላም አለ። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ጠዋት ከቦሌ ተነስቶ ቢሾፍቱ አካባቢ የወደቀውን አውሮፕላን ማናችንም አልረሳነውም። 157 ሰው። ኤምካስ የሚባለው ሶፍትዌር የአውሮፕላኑን አፍንጫ ወደ ታች ይገፋ ነበር፣ ይህን የሚያደርገው ደግሞ ክንፉ ነፋሱን በምን ማዕዘን እንደሚቀበል ከሚለካ ከአንድ ሴንሰር ብቻ መረጃ ወስዶ ነበር። ሴንሰሩ ሲሳሳት ሶፍትዌሩ አመነው። አብራሪዎቹ ታገሉት። ይህን ስርዓት የነደፉት ሰዎች ኤሮዳይናሚክስ ሳይማሩ ቀርተው አይደለም። አንድ ነገር ሲበላሽ ምን ይከተላል፣ መጠባበቂያው የት አለ፣ አብራሪው በዚያች ደቂቃ ምን ያያል የሚለው ጥያቄ በየደረጃው አልተጠየቀም ነበር። ስለዚህ የኮርስ ዝርዝር ስታነቡ የስርዓት ምህንድስና፣ የደኅንነት ትንተና፣ የሰውና የማሽን ግንኙነት የሚሉ ኮርሶች አሉ ወይ? ግዴታ ናቸው ወይስ ምርጫ? ይህን የምለው ከልቤ ነው። ከእኛ አገር የሚወጣ የኤሮስፔስ ኢንጂነር ይህን ሳይማር ባይመረቅ ደስ ይለኛል።

ከኮርሱ ቀጥሎ እጅ ነው። በእጃችሁ ምን ትነካላችሁ? የነፋስ ዋሻ አለ ማለትና ተማሪ ይጠቀምበታል ማለት ለየቅል ነው፤ አንዳንድ ቦታ ለፕሮፌሰሮች ምርምር ብቻ ተቆልፎ ይቀመጣል። የኔዘርላንዱ ዴልፍት ሴስና ሳይቴሽን የምትባል ጄት አላቸው፣ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ተሳፍረው በአየር ላይ ልኬት ይወስዱባታል። የዚያው ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎች ሮኬት ቡድን በ2015 ወደ 21.5 ኪሎ ሜትር ከፍታ ሮኬት ልኳል። የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ደግሞ በ2019 ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ፣ ጠፈር ድረስ አደረሱ። የተማሪ ቡድን የሚሠራውን ማየት ከማንኛውም ራንክ ይበልጣል። አሜሪካ ከሆነ ግን አንድ ጥያቄ ጨምሩ፦ የውጭ ተማሪ የሞተሩ ክፍል ውስጥ ይገባል ወይ? አንዳንዱ ቡድን በአይታር ምክንያት አያስገባም።

እውቅናውንም እዩ። የአሜሪካ ስርዓት ከሆነ ኤቤት የሚባለው ተቋም ፕሮግራሙን በስሙ እውቅና ሰጥቶታል ወይ ብላችሁ ድረ ገጹ ላይ ፈልጉ፣ ነፃ ነው። ሌሎች አገሮች ውስጥ የዋሽንግተን ስምምነት የሚባለው፣ አገሮች አንዱ የሌላውን የምህንድስና ትምህርት እውቅና የሚቀበሉበት ስምምነት፣ አባል የሆነ እውቅና ሰጪ አካል አለ። ዩኒቨርሲቲው እውቅና አለው ማለት ፕሮግራሙ አለው ማለት አይደለም፤ የምታዩት የፕሮግራሙን ነው።

አገር በአገር፣ የማውቀውን ያህል

ቱርክን ከፊት የማስቀምጠው ለአገር ቤት ልጅ በጣም ስለሚቀርብ ነው። አንካራ ያለው የመካከለኛው ምሥራቅ ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ፣ በቱርክኛ ምህጻሩ ኦዴቴኡ የሚሉት፣ ኤሮስፔስን በእንግሊዝኛ ያስተምራል፣ የኤቤት እውቅናም አለው። የቱርክ መንግሥት ስኮላርሺፕ ክፍያውን፣ ዶርሙን፣ የወር ኪስ ገንዘብና የአንድ ዓመት የቱርክኛ ትምህርትን ይሸፍናል። ማመልከቻው አብዛኛውን ጊዜ ከጃንዋሪ 10 እስከ ፌብሩዋሪ 20 ነው። ለመጀመሪያ ዲግሪ ዕድሜ ከ21 በታች መሆን አለበት፣ ስለዚህ "ከርሞ አመለክታለሁ" የምትሉ ልደታችሁን ቁጠሩ።

ጀርመን ነፃ ነው ሲባል ትሰማላችሁ። በከፊል ልክ ነው። አኸን ክፍያ የለም። ሽቱትጋርት፣ በዚህ መስክ አንጋፋ የሆነው፣ ያለበት ግዛት ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የመጣ ተማሪን በሴሚስተር 1,500 ዩሮ ያስከፍላል። ሙኒክ ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲም ከ2024 ጀምሮ ማስከፈል ጀምሯል፣ እንደ ፕሮግራሙ በሴሚስተር ከ2,000 እስከ 6,000 ዩሮ። ለቪዛ ደግሞ በዝግ አካውንት፣ ገንዘቡ በየወሩ እየተቆነጠረ ብቻ በሚወጣበት የባንክ ሒሳብ፣ በዓመት 11,904 ዩሮ ማሳየት አለባችሁ፤ ብዙ ቤተሰብ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። የመጀመሪያ ዲግሪው በአብዛኛው በጀርመንኛ ነው። በ12ኛ ክፍል ውጤት ብቻ የሚሄድ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ስቱዲየንኮሌግ የሚሉት የአንድ ዓመት መሰናዶ ይጠብቀዋል። ለማስተርስ ግን ጀርመን ጥሩ ናት። ከተመረቃችሁ በኋላ ሥራ ለመፈለግ እስከ 18 ወር ትሰጣለች።

ዴልፍት በእንግሊዝኛ ነው፣ ሦስት ዓመት ነው፣ በዓመት የሚቀበለው 440 ተማሪ ነው፣ የማመልከቻ ቀኑም ጃንዋሪ 15 ላይ ያበቃል። ትምህርቱን እመሰክርለታለሁ። ለእኛ ግን ክፍያው በዓመት ከ15 ሺህ ዩሮ በላይ ነው፣ ስኮላርሺፕ ለመጀመሪያ ዲግሪ እምብዛም ነው።

ጣሊያን ብዙ ሰው የሚዘላት አገር ናት። ቶሪኖ፣ ሚላኖ፣ ሮማ፣ ናፖሊ፣ ፒዛ ሁሉም ጠንካራ የኤሮስፔስ ትምህርት አላቸው። ደስ የሚለው፣ የክልል ስኮላርሺፕ የሚባለው በዋናነት የቤተሰብን ገቢ አይቶ የሚሰጥ ነው። የአባትና የእናት የገቢ ማስረጃ፣ የቤተሰብ ቁጥር፣ ያላችሁ ንብረት ተተርጉሞና ተረጋግጦ ይቀርባል፤ ገቢያችሁ ዝቅ ያለ ከሆነ ከክፍያ ነፃ ትሆናላችሁ፣ ምግብና መኝታም ይገኝበታል። በሁለተኛው ዓመት እንዲቀጥል የተወሰነ ክሬዲት ማለፍ ይጠይቃል። ማስተርሱ በእንግሊዝኛ ሞልቷል፣ የመጀመሪያ ዲግሪው ግን በአብዛኛው ጣሊያንኛ ነው። ቋንቋውን በተመለከተ ከራሴ ልንገራችሁ። የተማርኩበት ቦታ፣ ስሙን ልተወው፣ ፕሮግራሙ በእንግሊዝኛ ነው ይል ነበር። ሁለተኛው ዓመት ላይ ልወስዳቸው ያሰብኳቸው የምርጫ ኮርሶች ግማሾቹ በአገሩ ቋንቋ ሆነው አገኘኋቸው። አንድ ሴሚስተር አቃጠልኩ። ስለዚህ "ፕሮግራሙ በእንግሊዝኛ ነው" የሚለው አይበቃም፤ የእያንዳንዱ ኮርስ ቋንቋ ምን እንደሆነ አንድ በአንድ እዩ።

ፈረንሳይ ውስጥ ቱሉዝን እወቁ። ኤርባስ እዚያ ነው፣ በ1909 የተመሠረተው ሱፓኤሮ የሚባለው የኤሮስፔስ ትምህርት ቤትም እዚያ ነው፣ ማስተርስ በእንግሊዝኛ አለው። እንግሊዝ ለምትሄዱ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። በዚህ መስክ ማስተርስ ወይም ዶክትሬት ለመማር ኢትዮጵያዊ ተማሪ ከቪዛው በፊት አታስ የሚባል የደኅንነት ፈቃድ ያስፈልገዋል። ሳምንታት ይፈጃል፤ ስኮላርሺፕ አግኝተው ይህ ሳይደርስላቸው የቀረ አሉ። ቼቭኒንግ የሚባለውን የእንግሊዝ መንግሥት የማስተርስ ስኮላርሺፕ የምትሞክሩ ከሆነ ክራንፊልድን አትርሱ። የራሱ አየር ማረፊያ ያለው ዩኒቨርሲቲ ነው።

ቻይና ስኮላርሺፗ ሰፊ ነው። ቤጂንግ ያለው ቤይሃንግ፣ ሺያን ያለው ሰሜን ምዕራብ ፖሊቴክኒክ፣ የናንጂንጉና የሃርቢኑ በዚህ ሙያ ትልልቅ ናቸው። ላቦቻቸው የሚያስቀና ነው። ነገር ግን ቤይሃንግ፣ ሰሜን ምዕራብ ፖሊቴክኒክና ሃርቢን የአሜሪካ ንግድ ሚኒስቴር የገደብ ዝርዝር ውስጥ አሉ። በ2020 የሃርቢን ተማሪዎች በየቀኑ የሚጠቀሙበት ማትላብ የሚባል የስሌት ሶፍትዌር በዚሁ ምክንያት ተዘግቶባቸዋል። ከዚያ ተመርቃችሁ በኋላ ወደ አሜሪካ ለመሄድ ካሰባችሁ ጥያቄ ሊበዛባችሁ እንደሚችል አውቃችሁ ግቡ። አገር ቤት ለመመለስ ወይም እዚያው እስያ ለመሥራት ከሆነ ይህ ብዙም አያስጨንቃችሁም።

ራሺያም የመንግሥት ስኮላርሺፕ አላት፣ የሞስኮ አቪየሽን ኢንስቲትዩት በስም ይታወቃል፣ የመጀመሪያው ዓመት ቋንቋ ነው። ሕንድ ክፍያዋ ዝቅ ያለ ነው። አይአይቲ የሚባሉት የመንግሥት የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቶች ጥሩ ናቸው፤ በደላላ የሚመጣውን የግል ኮሌጅ ግን እውቅናውን ሳታዩ አንድ ብር እንዳትከፍሉ። ደቡብ አፍሪካ የጆሃንስበርጉ ዊትስ ዩኒቨርሲቲ ኤሮኖቲካል ኢንጂነሪንግ አለው፣ ኬፕታውን ያለው የኬፕ ፔኒንሱላ ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ደግሞ በ2013 ኪውብሳት የሚባል ትንሽ ሳተላይት ወደ ጠፈር ልከዋል።

ወላጆቻቸው ገልፍ ያሉ ልጆች አቡዳቢ ያለውን ካሊፋ ዩኒቨርሲቲና ዳህራን ያለውን የንጉሥ ፋህድ ዩኒቨርሲቲ ይዩ፣ ሁለቱም ኤሮስፔስ አላቸው። እስራኤል ያላችሁ ቤተ እስራኤላውያን ልጆች ደግሞ ሃይፋ ያለው ቴክኒዮን አለላችሁ። በ1998 ተማሪዎቹ የተሳተፉበት ሳተላይት ምሕዋር ላይ ያስቀመጠ ዩኒቨርሲቲ ነው። የእስራኤል ዜጋ ስለሆናችሁ እዚያው አገር ውስጥ ከላይ ያልኩት ዓይነት የፓስፖርት ግድግዳ እናንተን አይመለከትም። ይህን ዕድል እንደ ቀላል አትዩት።

አገር ቤት ተምሮ በኋላ መውጣት

ብዙ ጊዜ የምመክረው መንገድ ይህ ነው፣ ሲሰሙት ግን ፊታቸው ይቀየራል። አምስት ኪሎ፣ አዳማ፣ የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ ባሕር ዳር፣ የትም ግቡ። ሜካኒካል ወይም ኤሌክትሪካል በደንብ ተማሩ። ከዚያ ለማስተርስ ውጡ። የማስተርስ ስኮላርሺፕ ከመጀመሪያ ዲግሪው በብዙ ይበልጣል፤ የጀርመኑ ዳድ አለ፣ ቼቭኒንግ አለ፣ የጣሊያን ክልሎች አሉ፣ የኮሪያ መንግሥት አለ። የኤሮስፔስ ማስተርሶች ደግሞ ሜካኒካል የተማረን ሰው በደስታ ነው የሚቀበሉት። ዶ/ር ቅጣው እጅጉን አስታውሱ። ቦንጋ ተወልደው፣ ባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ተምረው፣ ጃፓን ሄደው፣ ኋላ አሜሪካ ናሳ ደርሰዋል። የጀመሩት ከኤምአይቲ አልነበረም።

በዚህ መንገድ የምትሄዱ ከሆነ ካምፓስ ውስጥ ያለውን ጊዜ አታባክኑ። ፍሉይድ ሜካኒክስ፣ ቴርሞዳይናሚክስ፣ ቫይብሬሽንና ኮንትሮል ላይ ጥሩ ግሬድ ያዙ፣ የማስተርስ መራጮች መጀመሪያ የሚያዩት እነዚህን ነው። የመመረቂያ ፕሮጀክታችሁን ከበረራ ጋር አገናኙት። ለአርሶ አደር መድኃኒት የሚረጭ ድሮን፣ ትንሽ የነፋስ ዋሻ፣ ምንም ይሁን። ኢንተርንሺፕ ስትጠይቁ አየር መንገዱን ጠይቁ፣ የስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩትንም ጠይቁ።

አገራችን በዚህ መስክ ባዶ አይደለችም። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን ከቻይና ተወነጨፈች፣ መቆጣጠሪያዋም እንጦጦ ላይ ነው። የኮሪያን ነገር ብነግራችሁ ደስ ይለኛል። በ1989 ጥቂት የካይስት ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች እንግሊዝ፣ ሰሪ ዩኒቨርሲቲ ተላኩ። እዚያ ሳተላይት ሲሠራ አብረው ሠሩ። በ1992 የኮሪያ የመጀመሪያ ሳተላይት ወጣች፣ ከዚያ አገራቸው ተመልሰው ቀጣዮቹን ሠሩ፣ ቀጥሎም ከመካከላቸው ሳተላይት ሠርቶ ለሌሎች አገሮች የሚሸጥ ኩባንያ ያቋቋሙ አሉ። ሰሪ የተመረጠው ትንንሽ ሳተላይት በእጅ የሚሠራበት ቦታ ስለነበረ ነው። ተመልሳችሁ ለመሥራት የምታስቡ ከሆነ የምትመርጡት ቦታ እንደዚህ ያለ ይሁን። አገር ቤት የሌለ ግዙፍ ማሽን ላይ ብቻ ከምትሠለጥኑ፣ በትንሽ ገንዘብ ሙሉ ነገር ከጫፍ ጫፍ ሠርቶ ማስወንጨፍ የሚያስተምር ላብ ይጠቅማችኋል።

ከመወሰናችሁ በፊት የምታደርጉት

አምስት ዩኒቨርሲቲ ይዛችሁ ሊንክዲን ክፈቱ። የዩኒቨርሲቲው ገጽ ላይ የቀድሞ ተማሪዎች የሚል ክፍል አለ። እዚያ ገብታችሁ ኤሮስፔስ የተማሩ፣ እንደ እናንተ ከአፍሪካ ወይም ከሌላ ሩቅ አገር የሄዱ ሰዎችን ፈልጉ። ኢትዮጵያዊ ካገኛችሁ እሰየው። ሃያ ሰው በቂ ነው። ከተመረቁ ከሦስት ዓመት በኋላ የት ናቸው? በሙያው ውስጥ ናቸው ወይስ ሁሉም ወደ ባንክና ሶፍትዌር ዞረዋል? ይህ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው፣ ለእኔ ግን ከሁሉም ይበልጣል።

ከዚያ ለሁለት ሦስቱ ጻፉላቸው። አጭር ይሁን። ማን እንደሆናችሁ፣ ምን እንደምትፈልጉ፣ ጥያቄያችሁ ምን እንደሆነ በአምስት መስመር። "ስለ ዩኒቨርሲቲው ንገረኝ" ብትሉ አይመልሱም፣ ምን ብለው ይመልሱ? "ሁለተኛ ዓመት ላይ ላብ ውስጥ በእጅህ ምን ሠራህ? ኢንተርንሺፕ ስትፈልግ ፓስፖርትህ አስቸገረህ? ስኮላርሺፑ ወር በገባ በስንተኛው ቀን ይደርሳል?" ብትሏቸው ግን የሐበሻ ልጅ ዝም አይልም፣ ብዙዎቹ ደውለው ነው የሚያወሩዋችሁ።

የቀረው ወረቀት ነው። የትራንስክሪፕታችሁን፣ የ8ኛ ክፍልና የ12ኛ ክፍል ካርዳችሁን፣ የልደት ሰርተፍኬታችሁንና ፓስፖርታችሁን አንድ ጠረጴዛ ላይ ዘርጉና በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ስማችሁን ፊደል በፊደል አስተያዩ። የአያት ስም አንዱ ላይ አለ፣ ሌላው ላይ የለም። አንዱ ላይ አንድ ፊደል ተደግሟል፣ ሌላው ላይ አልተደገመም። ይህ ካለ ዛሬውኑ ትምህርት ቤታችሁ ሂዱ፣ ሬጅስትራር ጋ ተሰለፉ፣ ማመልከቻ ጻፉና አስተካክሉ። ማስተካከሉ ወራት ሊወስድ ይችላል። ከዚያ በኋላ ነው ውልና ማስረጃና ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የሚያረጋግጡላችሁ። የቱርክ ስኮላርሺፕ ማመልከቻ የሚከፈትባት ጃንዋሪ 10 ከገና በኋላ ሦስት ቀን ብቻ ናት፤ እስከ መስቀል ድረስ ወረቀቱ እጃችሁ ላይ ይግባ።